የሽብሩ ድምፅና የአቶ ፍስሐ ካርድ

በዚህች ከተማ ያልታሰረ ሰው ካለ ዕድር ያልገባ ሰው ብቻ ነው! አትሳቁ። እስር ቤት የገባ ሰው ቢያንስ የሚወጣበት ቀን ይነገረዋል። ከዕድር ግን፣ ወዳጄ፣ መውጫው አንድ ብቻ ነው… እሱም በሰው ትከሻ!

ይህን የምላችሁ ዳኛ ስለሆንኩ ነው። የፍርድ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ የዕድር ዳኛ። ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ሸራና ገመድ እሸጣለሁ። ጎረቤቶቼ "ድንኳን ቢቀደድ ከእሱ ሌላ ማን አለን?" ብለው ሾሙኝ። ሹመት ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ ለካ ቅጣት ኖሯል!

ነገሩ የጀመረው በፍሬን ነው። የዕድራችን አባል ሽብሩ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭኖ ሲወርድ የአይሱዙው ፍሬን እምቢ አለው። ክላክሱን እየነፋ፣ ታቦቱን ሁሉ በየስሙ እየጠራ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደና… አንድ የቆመ ሞተር ሳይክል ላይ ወጥቶ ቆመ። ሰው አልተነካም፤ ተመስገን! ሞተር ሳይክሉ ግን የትራፊክ ፖሊስ ነበር። የሽብሩ መንጃ ፈቃድ ደግሞ ከሞተር ሳይክሉ ቀድሞ የሞተ ሆኖ ተገኘ። ተፈረደበትና ገባ።

እሱ እንደገባ ክረምቱ መጣ፤ ሰፈራችንም እንደ ተቀጣጠረ በተራ ይሞት ጀመር። ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ቀብር የቀረ አባል ይሰረዛል ይላል ደንባችን። ሽብሩ በየቀብሩ አልተገኘም። የት ይገኝ?

እዚህ ላይ አቶ ፍስሐ ይመጣል። አቶ ፍስሐ ከኮንዶሚኒየሙ የመጣ የቢሮ ሰው ነው፤ የዕድሩ ጸሐፊ። ደንብ ሲያነብ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እሱ ራሱ "መሥሪያ ቤት ስብሰባ ነበረብኝ" እያለ ሁለት ቀብር ቀርቷል፤ ግን ሁለት ሦስት አይደለም፣ ደንብ ነዋ!

እሑድ ስንሰበሰብ ተነሣና "ሽብሩ ይሰረዝልኝ!" አለ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሽብሩ እናት እማማ አልጋነሽ የሚቀበሩት በልጃቸው አባልነት ነው። እሱ ከተሰረዘ ለእሳቸው ጥሩምባ አይነፋም፤ ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ፣ አስከሬን የሚሸከም ትከሻ የለ። እማማ ደግሞ ሰማንያን ተሻግረዋል። ከሁሉ የሚከፋው… ስብሰባው ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል!

"ደንቡ የታመመና ሀገር የለቀቀ ይቅር ይባላል ይላል፤ የታሰረ አይልም" አለ አቶ ፍስሐ።

"ታሟል በሉታ!" አሉ እማማ። "እስር ቤት ውሎ የሚያድር ሰው ጤነኛ ነው እንዴ?"

"እማማ፣ የሕግ ጉዳይ ነው።"

"የኔ ሬሳ ጉዳይ ነው እንጂ! በቁሜ እየቀበርከኝ ዝም ልበልህ?"

እጅ አስወጣሁ። ግማሹ ይሰረዝ፣ ግማሹ ይቆይ። እኩል ለእኩል! ዳኛ ድምፅ የለውም፤ ደንባችን እንደዚያ ነው። ሁሉም እኔን ያያል፣ እኔ ጣሪያውን አያለሁ።

ያን ጊዜ ሉካንዳ ቤት ያላት ዘይቱና ብድግ አለች። "ሽብሩ ራሱስ? እስኪሰረዝ ድረስ አባል አይደል? የሱ ድምፅ የታለ?"

"እስረኛ ድምፅ ይሰጣል እንዴ?" ጮኸ አቶ ፍስሐ። "የታሰረ ሰው መብቱም ታስሯል!"

"የተከለከለው መኪና መንዳት ነው፤ እጁን ማውጣት ማን ከለከለው?"

ቤቱ ተናወጠ። "እስረኛ ከመረጠማ ሌባ ሊሾምብን ነው!" ይላል አንዱ። "እስካሁንስ የመረጥነው ማንን ነው?" ይላል ሌላው፤ እኔን እያየ። እኔም በነጋዴ አንደበቴ ፈረድኩ። "ሸራዬን መጋዘን ብቆልፍበት የኔነቱ አይቀርም። ሽብሩም ተቆለፈበት እንጂ አልተሸጠም። ሄደን ድምፁን እንቀበለው።" አቶ ፍስሐ "እኔ በታዛቢነት ከሌለሁ ድምፁ አይጸናም" አለ። ይሁን!

ቅዳሜ ሦስታችን ጥየቃ ሄድን፦ እኔ፣ አቶ ፍስሐ፣ እማማ ከነምሳ ዕቃቸው። በር ላይ ስልክና መታወቂያ አስረክበን የጠያቂ ካርድ ተሰጠን። "ያለ ካርድ መውጣት የለም" አለ ዋርድያው። ቀጥሎ ወደ ምሳ ዕቃው ጠቁሞ "ይቀመስ" አለ። የእስር ቤት ደንብ ነው፤ ያመጣ ይቀምሳል።

"ለልጄ የሠራሁትን እኔ አልሻማውም" አሉ እማማ። "ደንብ የሚወደው ይቅመስ።"

አቶ ፍስሐ ቀመሰ። ምን እንደ ጨመሩበት እግዜር ይወቅ፤ ሰውዬው ለጥቂት ጊዜ ደንቡንም፣ ስሙንም፣ የመጣበትንም ረሳ።

መጠየቂያውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሁለት አጥር ነው፤ እስረኛ ከወዲያ፣ ጠያቂ ከወዲህ፣ መሐሉ ማንም የማይረግጠው ባዶ መሬት። ሁሉም በአንዴ ይጮኻል። አንዷ "ኪራዩ ተጨመረ!" ትላለች፣ ሌላው "ላሟ ወለደች!" ይላል። የማን ላም እንደ ሆነች የሚያውቅ የለም፤ ደስታው ግን ለሁሉም ነው።

"ሽብሩ!" አልኩ ሳንባዬ እስኪቀደድ። "ትሰረዝ አትሰረዝ ድምፅ እየሰጠን ነው! አትሰረዝ የምትል ከሆነ እጅህን አውጣ!"

ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከሽብሩ በቀር የእስረኛው ረድፍ በሙሉ እጁን አወጣ! አንዱማ ሁለቱንም!

"ምርጫ ነው ሲባል ሰምተው ነው፣ ጋሼ!" አለ ሽብሩ እየሳቀ። "እዚህ የክፍል ተጠሪ እንመርጣለን፣ ወጥ አከፋፋይ እንመርጣለን፣ ማን በር ሥር እንደሚተኛ እንኳ በድምፅ ነው።"

"ያንተን እጅ ነው የምንፈልገው!"

"የኔን አላወጣም።"

"ለምን?"

"ጉዳዩ የራሴ ነዋ! በክፍላችን ደንብ ባለጉዳይ በጉዳዩ ድምፅ አይሰጥም። ነውር ነው!"

አያችሁልኝ? ውጭ ያለነው ለራሳችን እንኳ ሁለት እጅ ብናወጣ ደስ ይለን ነበር፤ እሱ የእናቱ ቀብር እያመለጠው ነውር ይለኛል!

"አንተ ጅል!" ጮኹ እማማ። "የመቃብር በር ሥር የምተኛው እኔ ነኝ እኮ! መጨረሻዬን ነው የምትጫወትበት!"

"እማዬ፣ እዚህ ደንብ ካፈረስኩ ማን ያምነኛል? ተጠሪያቸው እኔ ነኝ!"

አቶ ፍስሐ በደስታ ዘለለ። "ሰማችሁ? በገዛ አፉ ተወው! ይመዝገብልኝ!" ብሎ እጁን ወደ ላይ ሲወረውር፣ የያዛት የጠያቂ ካርድ ከጣቱ አምልጣ፣ ተገለባብጣ፣ አጥሩን ተሻግራ… ከመሐለኛው መሬት ላይ ጋደም አለች። ከወዲህም ትታያለች፣ ከወዲያም ትታያለች፤ እጅ ግን አይደርስባትም።

"ያቻትና!" አለ አቶ ፍስሐ ለዋርድያው።

"አያታለሁ" አለ ዋርድያው። "ግን ያለ ካርድ መውጣት የለም።"

"ገብተህ አንሣልኝ!"

"ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው።"

"ኃላፊውስ?"

"ቀብር ሄዷል። ዕድሩ ቢቀር ይሰርዘዋል።"

እኔና እማማ ወጣን። ደንብ ነዋ! ስልኬን እንደ ከፈትኩ የጥሪ ናዳ ወረደብኝ፤ ከኮንዶሚኒየሙ በታች ሱቅ ያለው አባላችን አማቱ አርፈዋል፤ ቀብሩ ከሰዓት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ነው። በዝናብ ወጥተን፣ በጭቃ ተንሸራተን ቀበርን። ስም ስጠራ "አቶ ፍስሐ?" ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። የለም። ሦስተኛ!

በማግሥቱ እሑድ ቀድሞን የተገኘው ማን ይመስላችኋል? ኃላፊው ከቀብር የተመለሰው መሽቶ ኖሮ፣ ዓይኑ ቀልቷል።

"እኔ አልቀረሁም!" አለ ገና ስብሰባውን ሳልከፍት። "ታስሬ ነው!"

"ደንቡ የታመመና ሀገር የለቀቀ ይላል" አለች ዘይቱና፣ ድምፁን አስመስላ።

"ይሻሻል! ያለ ፈቃዱ የተያዘ ሰው እንደ ቀረ አይቆጠርም! ሰው ታሰረ ማለት ሞተ ማለት ነው እንዴ? መብት የለውም?"

"አይ ልጄ፣" አሉ እማማ፣ "ምሳዬ አሁን ገና ሆድህ ገባ።"

እጅ አስወጣሁ። ቀድሞ የወጣው የአቶ ፍስሐ ነው፤ ሌላው ተከተለ። ሽብሩም ዳነ፣ አቶ ፍስሐም ዳነ። እሱ ግን ባለጉዳይ ሆኖ ሳለ ነው እጁን ያወጣው። ሽብሩ ቢሰማ ነውር ይለን ነበር፤ እንዳትነግሩት!

"እንግዲህ በሰላም መሞት ይችላሉ እማማ" አለ አንዱ ተሳላቂ።

"ምን አስቸኮለኝ? መብቴን ነው የጠየቅኩት" አሉ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ። "መብት ያለው ሁሉ ዕለቱን ይጠቀምበታል ያለህ ማነው?"

ስለ ትልቁ፣ ስለ አገሩ ምርጫ አትጠይቁኝ፤ እኔ ሸራ ሻጭ ነኝ። ግን "እስረኛ ምን ድምፅ አለው?" የሚል ሰው ከገጠማችሁ አትከራከሩት። ምሳ ዕቃ አስይዛችሁ ጥየቃ ውሰዱት። ካርዱን አጥብቆ እንዲይዝ ብቻ… አትምከሩት!