ሲስተር ጨው ስትበደር

መርፌ የሚያስፈራው በሹሉ ጫፍ በኩል ያለውን ሰው ብቻ ይመስለናል። በወዲያኛው ጫፍ ነጭ ጋዋን ለብሳ የቆመችው፣ «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» የምትለው ሴት፣ ፍርሃቷን ትምህርት ቤት ጥላው የወጣች ነው የምትመስለን። እኔማ ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ፣ ፍርሃት የሚጣልበት ክፍል ሳልደርስ ቀረሁ ብዬ ነበር የማስበው።

ከእህል በረንዳ ጀርባ ባለው ግቢያችን ሁሉም ሰው ግድግዳ ይጋራል። ማን እንዳሳለው፣ ማን ሽንኩርት እንዳሳረረ ሳይነገረን እናውቃለን። ከእኔ ግድግዳ ማዶ የጤና ጣቢያ ነርሷ ሲስተር ሙሉ ትኖራለች። ከሥራ ስትገባ በሯ ላይ የሚጠብቃት አይጠፋም፤ አንዱ ደም ግፊቱን፣ ሌላው እከኩን ይዞ። ሁሉንም «አትጨነቁ» ብላ ትሸኛለች። ቃሉን ሰምቶ ኪኒኑን ሳይውጥ የሚሻለው ብዙ ነው።

ልጄ አቡሽ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ለክትባት ወሰድኩት። የወጋችው ራሷ ሲስተር ሙሉ ነበረች። «ትንሽ ሊያተኩሰው ይችላል፣ አትጨነቂ» አለችኝ። አልተጨነቅኩም።

አመሻሽ ላይ ጨው ልትበደር መጣች። ሰጠኋት። ዓይኗ ግን ጨው ላይ ሳይሆን አቡሽ የተኛበት አልጋ ላይ ነበር። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ወንፊት ፈለገች። ሲስተር ሙሉ ዳቦ ገዝታ የምትበላ ሴት ናት፤ ዱቄት ስትነፋ አይቻት አላውቅም። ወንፊቱን ተቀብላ የልጄን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ቆማ አየችው። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ?

እኔ በሆዴ ያሰብኩትን እትዬ ዘይነባ ጮክ ብለው አሰቡት። እትዬ ዘይነባ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ቤት ሲሆኑ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የግቢውን ገቢና ወጪ ይቆጣጠራሉ።

«እሷ ልጅ ተመላለሰችሳ?» አሉኝ።

«ጨውና ወንፊት ቸግሯት ነው።»

«ጨው? ትናንት በፌስታል ይዛ ስትገባ አይቻታለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔ ልጅ፣ ነርስ እንዲሁ ወንፊት አትበደርም። ልጁ ላይ ያየችው ነገር አለ።»

ወሬው እግር አላስፈለገውም፣ ግድግዳው በቃው። አንዷ ጸበል ይዛ መጣች፣ አንዷ ሎሚ። ሶማሌ ተራ ሱቅ የሚሠራው ባለቤቴ ተጠርቶ ላዳ ታክሲ ይዞ ደረሰ። ወዴት እንደምንሄድ የሚያውቅ ግን አልነበረም። አቡሽ በጫጫታው ነቅቶ አለቀሰ።

«ይኸው» አሉ እትዬ ዘይነባ።

በዚህ መሃል ሲስተር ሙሉ ወንፊቱን ልትመልስ መጣች። ቤቱ ሞልቶ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። «ምን ሆነ?» አለች።

«አንቺ ንገሪን እንጂ!» አሉ እትዬ ዘይነባ።

እኔ ብዙ አልናገርም። ያን ዕለት ግን ክንዷን ይዤ ወደ ውጭ አወጣኋት። «ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ያመላልስሻል?»

ወንፊቱን በእጇ ታሽከረክረው ጀመር። «ስወጋ ብልቃጡን ደጋግሜ አያለሁ፤ ትክክል ነው። ቤት ስገባ ግን ብልቃጡ ከዓይኔ ይጠፋል። ተሳስቼ ቢሆንስ እላለሁ። ከዚያ እንቅልፍ የለም።»

«የአቡሽ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ?»

«የሁሉም ነው። የሌሎቹ ቤት ሩቅ ሆኖብኝ ነው እንጂ። ወንፊት ልበደር ብዬ ቀበሌ ላቋርጥ?» ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም። «የሥራ ጓደኞቼም እንደኔው ናቸው። አንዷ የክትባት ክፍሉን በር ቆልፋ ሄዳ፣ ብልቃጡን ደግማ ልታይ ከታክሲ ሰልፍ ትመለሳለች። እርስ በርሳችን ‹አትጨነቂ› እንባባላለን።»

«ይሻላችኋል?»

«እሱ ለእናንተ ነው የሚሠራው።»

ገብቼ ልጁ ደህና ነው ብል ማንም አላመነኝም። እሷ ከኋላዬ «አትጨነቁ» ስትል ግን ጸበሉም ሎሚውም ወደየቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በጤና ጣቢያው የክትባት ቀን በሆነ ቁጥር፣ አመሻሽ ላይ አቡሽን አዝዬ ጨው ልበደር ወደ ሲስተር ሙሉ ቤት እሄዳለሁ። የምታበድረኝ ያንኑ የራሴን ጨው ነው። አቡሽ ፀጉሯን ይጎትታል፣ እሷ ደረቱን ታያለች። የዚያን ቀን የወጋቻቸው ልጆች ሁሉ በእሱ ደረት የሚተነፍሱላት ይመስለኛል። «አትጨነቂ» እላታለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጠ ሰው ይሠራ እንደሆን እንጃ፤ ግን ትከሻዋ ዝቅ ሲል አያለሁ።

እትዬ ዘይነባ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ጨዉን በእፍኜ ይዤ ስመለስ ያዩኛል። ሰሞኑን ባለቤቴን አስቁመው «አስቤዛ ማምጣት ተውክ እንዴ?» ብለውታል።

ስለ እኔ መጨነቅ ጀምረዋል።