ቀይ የተሰመረበት

(ጠዋት ነው። በባዶ ክፍል ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ደብተር መሃል አድርገው ተፋጠዋል። የፊዚክስና የሒሳብ ፈተና ሊጀመር ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። አንደኛውን ክፍሉ በሙሉ «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ሌላው «ኤሊ» ነው፤ አምና ወድቆ ክፍሉን እየደገመ ነው። ፕሮፌሰር ዛሬ ከወደቀ ጉዱ ፈላ፤ በሚመጣው ዓመት ከታናሽ እህቱ ጋር አንድ ክፍል ሊቀመጥ ነው። እሷማ ከአሁኑ «አጠገቤ ቦታ ይዤለታለሁ» እያለች ሰፈሩን አዳርሳለች።)

ፕሮፌሰር፦ ሦስት መቶ ሜትር በሰከንድ! አለቀ!

ኤሊ፦ ብስክሌቱ?

ፕሮፌሰር፦ አዎ፣ ብስክሌቱ! ስድስት መቶ ሜትር በሁለት ደቂቃ ሄደ። ስድስት መቶን ለሁለት አካፍል። ስንት መጣ?

ኤሊ፦ ሦስት መቶ። ግን የሚነዳው ልጅ በአንድ ሰከንድ ሦስት መቶ ሜትር ከሄደ ኮፍያው የት ደረሰ?

ፕሮፌሰር፦ ስለ ኮፍያ ማን ጠየቀህ?

ኤሊ፦ እኔ እኮ ያደግኩት አጎቴ ብስክሌት መጠገኛ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ብስክሌት መጥቶ አያውቅም።

ፕሮፌሰር፦ ይሄ የፊዚክስ ብስክሌት ነው! አጎትህ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል?

ኤሊ፦ ደቂቃውን ወደ ሰከንድ ብንቀይረውስ? ደግሞ ይሄ ደብተር…

ፕሮፌሰር፦ ዝም በል! ደብተሩን እንዳትነካ! (ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ) ይሄ የጎበዝ ተማሪ ደብተር ነው። ከመምህራን ክፍል ሊጣል ከወጣ ካርቶን ውስጥ ነው ያገኘሁት። ጽሕፈቱን አየኸው? ዕንቁ!

ኤሊ፦ (አፍሮ አቀርቅሮ) አመሰግ…

ፕሮፌሰር፦ አታቋርጠኝ! ዋናው ነገር ደግሞ በቀይ የተሰመረው ነው። ቀይ ማለት ወሳኝ ማለት ነው። እኔ የያዝኩት ቀዩን ብቻ ነው። በል፣ ወደ ሒሳቡ። የአባትና የልጅ ዕድሜ። መልሱ፦ አባትየው አሥራ ሁለት፣ ልጁ አርባ።

ኤሊ፦ ታዲያ ማን ማንን አሳደገ?

ፕሮፌሰር፦ ሒሳብ ላይ ልጅ ቶሎ ያድጋል!

ኤሊ፦ አባትየው ምነው ሳያድግ ቀረ?

ፕሮፌሰር፦ ኃላፊነት ከብዶት! ወይ ጣጣዬ፣ ከምን ዓይነት ሰው ጋር ነው የገጠምኩት? ይሄን ደብተር የጻፈውን ልጅ ባገኘው እኮ እግሩ ላይ ነበር የምደፋው!

ኤሊ፦ ተው፣ አትደፋ።

ፕሮፌሰር፦ ለምን?

ኤሊ፦ ጫማዬ ጭቃ ነው።

(ፕሮፌሰር የኤሊን ጫማ አየ፤ ደብተሩን አየ፤ ደግሞ ጫማውን አየ።)

ፕሮፌሰር፦ ያንተ… ነው?

ኤሊ፦ አምና የወደቅኩበት ነው።

ፕሮፌሰር፦ ቀዩ መስመርስ?

ኤሊ፦ የመምህሩ ነው። የተሳሳትኩበትን ሁሉ አሰመሩበት።

ፕሮፌሰር፦ እኔ እኮ ቀይ የሌለበትን ገጽ አልነካሁም!

ኤሊ፦ እሱማ ሁለት ገጽ ብቻ ነበር።

ፕሮፌሰር፦ (ራሱን ይዞ) ሦስት ሳምንት ሙሉ! ለምን አልነገርከኝም?

ኤሊ፦ መቼ አስተነፈስከኝ? ደግሞ እኔ በክረምቱ እረፍት መምህሩ ጋ እየተመላለስኩ ሁሉንም በሌላ ደብተር አስተካክዬው ነበር። አንተ እንዲያ ስትምል ስትገዘት ግን «የኔው ልክ ይሆን እንዴ?» አልኩ። አባቴንም ትናንት «አምና በከንቱ ነው የተቆጡኝ» ብዬ ይቅርታ አስጠይቄያቸዋለሁ።

(ፕሮፌሰር ቀስ ብሎ ተነሣ። ወንበሩን በእጅጌው ወለወለ።)

ፕሮፌሰር፦ ይቀመጡ።

ኤሊ፦ ማን? እኔ?

ፕሮፌሰር፦ እርስዎ እንጂ ሌላ ማን አለ! ውሃ ላምጣልዎ? መስኮቱ ይከፈትልዎ?

ኤሊ፦ ኧረ ቀልዱን ተው፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው! ይልቅ ንገረኝ፤ ይሄን ካንተ ሌላ ያጠናው አለ?

ፕሮፌሰር፦ (ግድግዳው ላይ አፍጥጦ) ጥቂት ልጆች።

ኤሊ፦ ስንት?

ፕሮፌሰር፦ ክፍሉ በሙሉ። ፎቶ ኮፒ አድርጌ አድያለሁ።

ኤሊ፦ ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሩጥና ሰብስባቸው! ሁለት ሰዓት ይበቃናል።

ፕሮፌሰር፦ ምን ብዬ ልጥራቸው፣ ጋሼ?

ኤሊ፦ እውነቱን ንገራቸው።

ፕሮፌሰር፦ (በሩ ላይ ደርሶ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ) እሺ። «ዋናው ፕሮፌሰር መጥቷል፤ እኔ እስከ ዛሬ ረዳቱ ነበርኩ» እላቸዋለሁ።

ኤሊ፦ ቆይ፣ ቆይ! ረዳት የሚባለው ፈተናውን ያለፈ ነው!