ወባ በዕቅድ የተያዘችበት ዘመን

አዲሱ ክልል ገና የማኅተሙ ቀለም ሳይደርቅ፣ አሶሳ ውስጥ ስሙን ለመጥራት ምላሴ የማይደፍረው አንድ የጤና ጽሕፈት ቤት ታላቅ ገድል ፈጽሟል። ስንት መንግሥት አልፎባት ደንታ ያልሰጣትን ወባ ዕቅድ ውስጥ አስገብቷታል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ዲንሳ በገዛ እጃቸው አስምረው ግድግዳ ላይ የለጠፉት ሰንጠረዥ «ወባ፦ ከመስከረም እስከ ኅዳር» ይላል። ኪኒኑም እስከዚያ ድረስ መጋዘን ተቆልፎበታል። ሥርዓት ማለት ይህ ነው።

ሰማዩ ግን በዕቅዱ ስብሰባ አልተካፈለም ነበርና በየካቲት ዝናቡን ለቀቀው። መጋቢት ላይ ሙቀቱ አናት ይበሳ ጀመር፤ ውሃ በየጉድጓዱ ተኛ። ሽማግሌዎች «እንዲህ ያለ መጋቢት አይተን አናውቅም» አሉ። ትንኝ ያለ ዕቅድ ተፈለፈለ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር አስረሳሽ ወደ ኃላፊው ቢሮ እየሮጠች ገባች።

«አቶ ዲንሳ፣ አርባ ሦስት ሰው ወባ ይዞታል። መጋዘኑ ይከፈትልኝ።»

«ወሩ ማን ነው?»

«መጋቢት።»

«በመጋቢት ወባ የለም።»

«ኧረ በማይክሮስኮፕ አየሁት!»

«ማይክሮስኮፑ ዕቅዱን አይቶታል?»

እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም። አቶ ዲንሳ ወዲያው ሰርኩላር አወጡ፦ በሽታው «ወቅታዊ ሙቀት» ተብሎ እንዲመዘገብ፣ ሕመምተኞችም ጥላ ሥር እንዲቀመጡ። ሕዝቡ ታዛዥ ነውና ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ማንጎ ሥር ተኮለኮለ። ትንኞቹም ጥላ ይወዳሉ።

በማግሥቱ ከሆሞሻ ወረዳ ኢንዓም የምትባል ነጋዴ የአምስት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። የልጅቷ ጥርስ ይንገጫገጫል፤ ዓይኗ ተገልብጧል።

«ልጄ ሦስት ቀን ተንቀጠቀጠች። ወላሂ፣ ይሄ ወባ ነው» አለች ኢንዓም።

«እናቴ፣ ወረቀቱ ሙቀት ነው ይላል» አሉ አቶ ዲንሳ።

«ወባ ወረቀት ማንበብ አያውቅም። እኔም አላውቅም። ግን እኔና ወባ ድሮ እንተዋወቃለን።»

አቶ ዲንሳ ይህን የመሰለ ወሬ ሥር ሳይሰድ ለመንቀል የሦስት ቀን ስብሰባ ጠሩ። በሁለተኛው ቀን «በሽታ የራሱን ወቅት ጠብቆ የመምጣት ግዴታ...» ብለው ሳይጨርሱ ንግግራቸው ተንቀጠቀጠ። ጠረጴዛውም አብሯቸው ተንቀጠቀጠ። ውጭ ወፍ ከዛፍ በሚያወርድ ሙቀት ሦስት ኮት ደረቡላቸው። ሲስተር አስረሳሽ ተጠርታ ጣታቸውን ወጋች፤ ደማቸውን አየች።

«ምን አገኘሽ?»

«ወቅታዊ ሙቀት።»

«አስረሳሽ፣ በእናትሽ! ኪኒን!»

መጋዘን ጠባቂው አቶ ወንድምአገኝ ቁልፉን ደረታቸው ላይ እንደ መስቀል ይዘው ቀረቡ። «ጌታዬ፣ ከመስከረም በፊት እንዳይከፈት ብለው ፈርመውልኛል።»

«ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ!» አሉና ኃላፊው ጻፉ። ወንድምአገኝ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው መረመሩት።

«ይቅርታ፣ ፊርማው ይንቀጠቀጣል። የእርስዎ አይመስልም።»

ሕግ ከተከበረ የሚቀረው ዘመኑን መለወጥ ነው። ለስብሰባው የተቀመጠው ኮሚቴ እዚያው ቃለ ጉባኤ ያዘ፦ «ዛሬ መስከረም አንድ ቀን እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» ወንድምአገኝ ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው በሩን ከፈቱ።

አስረሳሽ ካርቶኑን አንስታ ወደ ማንጎው በረረች። «እንቁጣጣሽ ነው! ተሰለፉ!» የመጀመሪያውን ኪኒን ፈጭታ በውሃ በጥብጣ ለኢንዓም ልጅ አጠጣች። አቶ ዲንሳ በሦስት ኮት ተጀቡነው ሊቀድሙ ቢሞክሩ፣ «አመራር ከሕዝብ በኋላ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። አርባ አምስተኛ ሆነው ዋጡ።

ኪኒኑን በወሰደች በሦስተኛው ቀን ልጅቷ በእግሯ ቆማ ማንጎ አምጡልኝ ብላ አለቀሰች። ኢንዓም ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስኪያማት ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። አስረሳሽም አጠገቧ ተቀመጠች።

ፍትሕ ግን አልዘገየም። ለሲስተር አስረሳሽ «በዓልን ያለ ፈቃድ በማወጅ» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። አቶ ዲንሳ ደግሞ የአየር ጠባይ ሲለወጥ በሽታም ወቅቱን እንደሚለውጥ ከሁሉ ቀድመው የተገነዘቡ ባለሙያ ተብለው፣ አዲስ አበባ ትልቅ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ተጋበዙ። ጭብጨባው ሲበርድ አንድ ፕሮፌሰር ተነሥተው፣ «ይህን ጥናት የት ነው ያካሄዱት?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ዲንሳ ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«በደሜ» አሉ።

አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ሰውየው ለአገራቸው ደማቸውን የሰጡ መስሎት ነው።