ቤት፣ ሱቅ እና መሀል መንገድ

ሰው ቤቱ ሌላ፣ ሥራው ላይ ሌላ ነው። ገበያ ላይ በአንድ ብር ሲሟገት የዋለው ቤቱ ሲገባ እጁ ይፈታል፤ ቤቱ ድምፁ የማይሰማውም ቢሮ ሲደርስ ያገሳል። ለዚህ ሁሉ ደፍ መሻገር ይበቃዋል። ላፕቶፕ ግን፣ እናንተ ሆዬ፣ ካልነገሩት አይገባውም።

የእኔው ከሰባተኛ ሰፈር ቤቴ እስከ መርካቶ ሸማ ተራ አብሮኝ ይመላለሳል። ቤት ሲሆን ኔትወርኩ የሰጠውን የአድራሻ ቁጥር ተቀብሎ አርፎ ይቀመጣል። የምሠራበት የእትዬ አስካለ የጋቢ ሱቅ ኔትወርክ ግን ለእሱ ከተመደበለት ቋሚ ቁጥር ሌላ አያስገባም። በየጠዋቱ ቁጥር መቀያየር ሲሰለቸኝ ሁለት አጫጭር ስክሪፕቶች፣ ማለትም የኮምፒውተር ትእዛዞች፣ ጻፍኩና አንዱን «ቤት»፣ ሌላውን «ሱቅ» አልኳቸው። ጠቅ ሳደርጋቸው ሁሉንም ራሳቸው ይቀይሩታል። ስንፍናም አንዳንዴ ብልሃት ይወልዳል።

ታዲያ አንድ ዓርብ፣ ሐዋሳ ላለ ሆቴል የጋቢ ዋጋ የምናቀርብበት የመጨረሻው ቀን ሆነ፤ እስከ ቀትር ካልደረሳቸው አይቀበሉም። ትእዛዙን ካላገኘን ሸማኔዎቻችን ገበያው በቀዘቀዘበት ክረምት እጃቸውን አጣጥፈው ሊቀመጡ ነው። ቤት ሆኜ ፎቶዎቹን ሳሰናዳ መብራት ሄደ፣ ኢንተርኔቱም ተከተለው። ስልኬ ቀድሞ ሞቷል። ላፕቶፔን አቅፌ ወደ ሱቅ ስሮጥ አንዋር መስጊድ አካባቢ ስደርስ መንገዱ በጁምዓ ሰጋጆች ሞልቷል። ምንጣፍ ረግጦ አይታለፍ ነገር!

ቅመም የምገዛቸው ሐጂ ከድር መስገጃቸውን ይዘው ከሱቃቸው ሲወጡ አዩኝ። ጭንቀቴን ስነግራቸው ወደ ውስጥ መለሱኝ፤ የዋይፋዩንም የይለፍ ቃል ሰጡኝ። ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ የያዝኩትም ሥራ ነው፤ እናም ያለ ጥርጥር «ሱቅ»ን ጠቅ አደረግሁ። እምቢ አለ። ደገምኩት፤ አሁንም እምቢ። የእትዬ አስካለ ኔትወርክ የመደበውን ቁጥር እዚህ ማን ያውቀዋል? እኔ ግን ይህን ማሰብ አቅቶኝ ላብ ያጠምቀኛል።

ሐጂ መቆሜን አይተው ያፈርኩ መሰላቸው።

«ምነው ልጄ፣ እንደ እንግዳ ቆምሽ? ቁጭ በይ እንጂ፣ ቤትሽ ነው።»

ይህን ብለው ሱቃቸውን እንዳለ ትተውልኝ ሄዱ። ሁላችንም ለእንግዳ የምንለው ነው፤ እኔ ግን ቸግሮኝ እንደ ምክር ወሰድኩትና «ቤት»ን ጠቅ አደረግሁ። ተከፈተ። የዚያ ስክሪፕት ትእዛዝ ለካ «የሰጡህን ተቀበል» ብቻ ኖሯል። ዋጋው ከነፎቶው ሄደ፤ እፎይ አልኩ።

አሁን ሮጬ ልውጣ ብል የሰው ሱቅ ለማን ጥዬ? ስልኬን ቻርጅ ሰክቼ ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። ስለ ሆቴሉ ከሰሙ በኋላ ድምፃቸው ረጋ አለ።

«ሐጂ ሳይመለሱ ከዚያ ንቅንቅ እንዳትዪ። ኋላ ምን ይሉናል?»

ተቀመጥኩ። ኮረሪማ ፈልጋ የመጣች ሴት ዋጋ ብትጠይቀኝ ስለማላውቅ ወንበር ሰጥቻት አብረን ጠበቅን። ሐጂ ሲመለሱ የሆቴሉም መልስ ገባ፤ ለናሙና አንድ ጋቢ ላኩ ይላል። ገና ትእዛዝ አይደለም፤ ተስፋ ግን ነው፣ ሸማኔዎቹም በሰሙ ጊዜ ፊታቸው በራ።

በማግስቱ ሦስተኛ ስክሪፕት ጨመርኩና ስሙን «ጎረቤት» አልኩት። ውስጡን ብትከፍቱት ከ«ቤት» የሚለይ አንድ ፊደል የለውም።