ክብርት ጄኔራል እና የሒሳብ ፈተናቸው

በየቤቱ አንድ ጄኔራል አለ። ጦር ሜዳ ያልዋለ፣ ጠመንጃ ያልጨበጠ፣ ግን ቤተሰቡን ሰጥ ለጥ አድርጎ የሚገዛ። እኛ ቤት የለም የሚል ሰው ካለ፣ ጄኔራሉ ራሱ ነው።

የእኛዋ የእህቴ ልጅ ናት። ዕድሜ አስራ ስምንት፣ ክብደት ከነቦርሳቸው አርባ አምስት ኪሎ። ከውትድርና ማሰልጠኛው «ተቀብለንሻል፤ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃሽን ይዘሽ ነይ» የሚል ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ አንቺ ማለት ቀርቷል። እናታቸውም እኔም ክብርት ጄኔራል ነው የምንላቸው።

ያልተንበረከከላቸው ጠላት ሒሳብ ብቻ ነው። ባለፈው ፈተና ድባቅ መቷቸዋል። የድጋሚ ፈተናው የመጨረሻ ዕድላቸው ነበር፤ ከወደቁ ማስረጃም የለ፣ ማሰልጠኛም የለ።

ታዲያ ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ያጠናል አይደል? እሳቸው እኛን ማሰልጠን ያዙ! ማለዳ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ፊሽካ ይነፋል። ከዚያ በሒሳብ ማስመሪያቸው የአንሶላዬን እጥፋት ይለካሉ።

«ሁለት ሴንቲ ጎሏል አጎቴ! እንደገና!»

የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤት ስገባ አስራ አራት ሰው ብድግ ይልልኛል። እቤት ግን እንደገና አነጥፋለሁ።

«ኧረ ክብርት ጄኔራል፣ ሒሳቡን ያጥኑ!» ትላለች እህቴ።

«ወታደር ከእናቱ ጋር አይከራከርም» ብለው እዚያው ሲከራከሩ ቁርሱ ይቀዘቅዛል። ስልካችንንም ማታ ማታ ሰብስበው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበታል፤ እስከ ቁርስ ማብቂያ ስልክ የሚባል ነገር የለም። የሳሎኑን ሰዓት ደግሞ «ወታደር ቀድሞ ይገኛል» ብለው ግማሽ ሰዓት አስቀደሙት።

ጉዱ የመጣው በዚሁ ሰዓት ነው። በፈተናው ዋዜማ እህቴ አንጀቷ አልችል ብሏት፣ ልጄ ትንሽ ትተኛ ብላ፣ ሰዓቱን በድብቅ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችው። እኔ ይህን መቼ አውቄ! እኔም አሳዝነውኝ ግማሽ ሰዓት መለስኩት።

በማግስቱ ተረጋግተን ቁርስ በላን። የሳሎኑ ሰዓት ሁለት ሰዓት ከሩብ ይላል። ፈተናው ሦስት ሰዓት ነው። ስልኬ ተፈቅዶልኝ ስከፍተው ለሦስት ሩብ ጉዳይ!

«ሰዓቱን የነካው ማነው?» አሉ ክብርትነታቸው።

እህቴና እኔ ተያየን። ሁለታችንም እኩል «እኔ» አልን።

ሩጫ ሆነ! እሳቸው ከፊት፣ እህቴ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ እኔ አንድ እግሬ በጫማ ሌላው በነጠላ ጫማ። «ፍጠን አጎቴ! ትንፋሽህን በአፍንጫህ!» ይሉኛል። የቱ ትንፋሽ? ግማሽ መንገድ ላይ ትቼው መጥቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ዘበኛው በሩን ሊዘጉ እየገፉ ነው።

«በፈጠረዎት አባባ! አንዴ!» አሉ ጄኔራላችን። ሲለምኑ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ዘበኛው ቀና ብለው አዩዋቸው። «ባለፈው ስትወጪ ሸሚዝህን አስገባ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ አባባ። ይቅርታ።»

«ይኸው አስገብቻለሁ» አሉና ሳቃቸው መጣ። «ግቢ፣ ግቢ!»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለፉት ተማሪዎች ስም ዝርዝር ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ቁመቴ ረጅም ስለሆነ በተማሪው መሀል ተጋፍቼ እኔ ቀደምኩ። የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ኮቴን ጨምድዳ ይዛለች፤ ጄኔራልነቱ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

«አጎቴ… አለሁ?»

ጣቴ በዝርዝሩ ላይ ሲወርድ፣ እውነቱን ልናገር፣ ስሟን ባላገኘው ብዬ ተመኘሁ። አዎ፣ እኔው! ቤቱ ያለ እሷ ጭር ብሎ ታየኝ። ስሟ ግን አለ፤ አልፋለች። መዳፌን ስሟ ላይ ለጠፍኩ።

«አጎቴ! እጅህን አንሳ!»

ትእዛዟን እንቢ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። በሁለት እጇ ይዛ አነሳችው፤ አይታም ጮኸች፣ ዘለለች፣ አለቀሰች። እጄን ግን አልለቀቀችውም።