ጭስ የጠጣው የአንቱርየም ዘር

ማንም ሳያስተምረው አዋቂ የሆነ ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ ታውቃላችሁ? እኔን ጠይቁኝ። አንቱርየም የሚባለውን ባለቀይ አበባ የሳሎን ተክል እዚህ ሆሳዕና ከተማ ከዘር አበቅላለሁ ብዬ ለእድርተኛው ሁሉ ተናግሬአለሁ።

ፍሬውን ለቅሜ፣ እንደ በቆሎ ዘር ከምድጃ በላይ ሰቅዬ አደረቅሁትና ዘራሁት። በየሰዓቱ አፈሩን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ ወር አለፈ፣ ምንም የለም። «ጋሼ፣ በቀለ?» ሲሉኝ «ሊወጣ ነው» እላለሁ።

ትናንት ባለቤቴ ከጓሮ ጠራችኝ። «የማርታ አባት፣ ይኼ ያንተው አይደል?»

ያን ጊዜ ከለቀምሁት ላይ እጅ ያጣብቃል ብላ እንሰት ሥር የደፋችው እርጥብ ፍሬ በቅሏል! ለካ ይህ ዘር ከደረቀ ይሞታል።

«እዚያ እንድትደፊው የፈለግሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ያኔ ተቆጥተኸኝ አልነበር?»

«የተቆጣሁት አራርቀሽ ስላልደፋሽው ነው። ለእድርተኛው ግን እኔ ልናገር፣ አደራ!»

ሳቀች እንጂ እሺ አላለችም። እድሩ ደግሞ እሁድ ነው።