የኩሬ ቆፋሪዎቹ የማለዳ ስብሰባ

ይህ የሆነው እንስሳት ስብሰባ መውደድ በጀመሩበት ዘመን፣ አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር በነበረ ጫካ ውስጥ ነው። ክረምት ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው አንበሳ አራት እንስሳትን አስጠርቶ ኩሬ እንዲቆፍሩ አዘዘ። የዝናቡ ውኃ ካልተጠራቀመ በመጪው በጋ ጫካው በጥም ሊያልቅ ነው።

«አለቃ አልሾምባችሁም» አላቸው። «ራሳችሁን በራሳችሁ ምሩ።» ይህን ብሎ ሊተኛ ሄደ።

እመት ከርከሮ ቆፋሪ ሆነች። አያ ጃርት ውኃው እንዳይሰርግ የኩሬውን ወለል በዋልካ አፈር ይለስናል። እመት ኤሊ ዳር ዳሩን እየዞረች መሬቱን ትመረምራለች። አያ ዝንጀሮ ድንጋይ እንዲያመላልስ ተመድቦ ነበር፤ ስብሰባ የሚመራ ያስፈልጋል አለና ድንጋዩ ቀረ።

ስብሰባው በየማለዳው ቆመው የሚያደርጉት ነበር፤ ከተቀመጡ ወሬ ይረዝማል ተብሎ። ኤሊ ቆማ ይሁን ተቀምጣ ስለማይለይ ሁለት ጊዜ ተገሥጻለች። ሁሉም ትናንት የሠራውንና ዛሬ የሚሠራውን ይናገራል። በመጨረሻ ዝንጀሮ «ስሜታችሁስ?» ይላል፤ ደህና የሆነ አረንጓዴ ቅጠል፣ የከፋው ደረቅ ቅጠል ያነሣል።

በሁለተኛው ቀን ጃርት ደረቅ ቅጠል አነሣ። ዋልካው የሚገኘው ሩቅ ስለሆነ አጋዥ እንዲሰጠው ጠየቀ። ሲናገር እሾሁ ቆመ።

«አያ ጃርት፣ እሾህህ የቡድኑን መንፈስ እየጎዳ ነው» አለ ዝንጀሮ በለሰለሰ ድምፅ። «አስተሳሰብህን ቀይር። ችግር አትበል፤ ዕድል በል።»

«ዕድሉ ሩቅ ነው» አለ ጃርት።

አጋዥ አልተሰጠውም። ከዚያ ወዲያ እሾሁን አጥፎ ዝም ማለትን ተማረ። ዝንጀሮም ትልቅ ለውጥ አሳየህ ብሎ በሁሉም ፊት አመሰገነው።

በሦስተኛው ሳምንት ነብር የከርከሮን አንድያ ልጅ ከደጃፏ ወሰደባት። በማግሥቱ ማለዳ ከርከሮ እንደ ወትሮዋ መጥታ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ አረንጓዴ ቅጠል አነሣች።

«ዓይንሽ አብጧል። ምን ሆነሻል?» አለቻት ኤሊ።

«እሱን ከስብሰባው በኋላ ተነጋገሩበት» አለ ዝንጀሮ።

ስብሰባው አለቀ። ኤሊ አጠገቧ እስክትደርስ ከርከሮ ወደ ቁፋሮው ሄዳ ነበር።

ያን ቀን ከርከሮ ቀና ሳትል ቆፈረች። አንድ ጥግ ላይ ከልኩ አልፋ ጠንካራውን አፈር በሳች፤ ከሥሩ አሸዋ ወጣ። እሷ አላየችውም፤ ጃርት ግን አየ። ሊናገር አፉን ሲከፍት እሾሁ ሲነሣ ተሰማውና መልሶ ዘጋው። በእጁ የቀረችውን ጥቂት ዋልካ አሸዋው ላይ ለስኖ አለፈ።

ዝናቡ ዘንቦ ዘንቦ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ኩሬው ሞላ። አንበሳ መጥቶ መልኩን በውኃው ውስጥ አየና ተደሰተ። በአራተኛው ቀን ስሷ ዋልካ ተቀደደች። ውኃው ወደ አሸዋው ሰርጎ ወለሉ ላይ እንቁራሪቶች ብቻ ቀሩ።

«ምን ተፈጠረ?» አለ አንበሳ ሰብስቧቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ከርከሮ። «ልጄን ነብር በበላብኝ ማግሥት የቆፈርኩት ነው። የምሠራውን አላውቅም ነበር።»

ጃርት ወደ ፊት ወጣ። እሾሁ ሁሉ ቆመ፤ አላጠፈውም። «እኔ አሸዋውን አይቼዋለሁ። ተቆጣ እንዳልባል ብዬ ዝም አልኩ።»

ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገባች። አንበሳ ወደ ዝንጀሮ ዞረ።

«የቡድኑ መንፈስ እንዴት ነበር?»

«እጅግ ጥሩ ነበር፣ ጌታዬ። አንድም ቀን አልተጣላንም።»

«እንዲያ ከሆነ አለቃቸው አንተ ሁን» አለ አንበሳ፤ ተመልሶም ሊተኛ ሄደ።

ዝንጀሮ እጅ ነሥቶ ሹመቱን ተቀበለ። ወዲያውም ስለ ስሕተቱ የሚመክር የሦስት ቀን ስብሰባ ጠራ። ከርከሮ ግን ወደ ዋልካው መንገድ ጀመረች። ጃርት ሮጦ ደረሰባት።

«ልጅሽ ማን ይባል ነበር?» አላት ቀስ ብሎ።

«ድንቡሼ።»

ጎን ለጎን ሄዱ። ኤሊም ከኋላቸው ትከተል ጀመር።

«እመት ከርከሮ! ወዴት ነው?» ብሎ ተጣራ ዝንጀሮ። «ገና መክፈቻ ንግግር እንኳ አላደረግሁም!»

«ክረምቱ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል» አለች ከርከሮ፣ ሳትዞር። «አንተ ንግግርህን ቀጥል። ስትጨርስ መጥተህ ትጠጣለህ።»